በናቫሆ ሕዝብ ዘንድ ያገለገሉ እንግዶችና ከሕዝቡ የተማሩት

በዓለም ዘንድ ናቫሆ እየተባለ የሚታወቀው ሕዝብ ራሱን የሚጠራው ዲኔ ብሎ ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ሕዝብ» ማለት ነው። አገሩ በአሪዞና፥ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች ውስጥ የተዘረጋ፥ ስፋቱም 70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ደረቅ ደጋ ነው። ወደዚህ አገር ሐኪሙም፥ ሚሲዮናዊውም፥ መምህሩም፥ ኋላም ያለ ደመወዝ የሚያገለግለው ወጣት ፈቃደኛ በየዘመናቸው ገብተዋል። ስለ እነርሱ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ለሕዝቡ ያደረጉት ነው። በእኛ አስተያየት ግን የአገልግሎታቸውን ፍሬ የወሰነው ከሕዝቡ የተማሩት ነው።

ሁለት የጦር ሠራዊት ሐኪሞችን ብናወዳድር ነገሩ ይገለጻል፤ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጆናታን ሌተርማን በፎርት ዲፋያንስ ምሽግ ሳለ በ1850ዎቹ ዓመታት በጻፈው ዘገባ ናቫሆዎች ሃይማኖት እንደሌላቸው፥ ከአባቶች የተላለፈ ትውፊት እንደማይገኝባቸው፥ ዜማቸውም ከማጉረምረም እንደማይሻል ገለጸ። ሌተርማን አላዋቂ ሰው አልነበረም፤ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለቍስለኞች ማንሻ ያቋቋመው ሥርዐት እስከ ዛሬ ስሙን ያስጠራዋል። ዋሽንግተን ማቲውስ ግን ከ1880 ጀምሮ በፎርት ዊንጌት ሲያገለግል ቋንቋውን አጠና፤ ሀታሊ ከሚባሉት የዜማ ሊቃውንት ዘንድም ቀርቦ እንደ ደቀ መዝሙር ጠየቀ። ከዚያም በ1897 የሕዝቡን ትውፊቶች፥ በ1902 ደግሞ ዘጠኝ ሌሊት የሚፈጀውን የፈውስ ሥርዐት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ያ ማጉረምረም የተባለው ድምፅ በዜማው ውስጥ ስሕተት ቢገባበት የሥርዐቱ ኀይል የሚሻርበት ጸሎት ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሐኪሞች የሰሙት ያንኑ ዜማ ነበር።

ወደ ናቫሆ መንደር የሚገባ አገልጋይ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ነገር ዝምድና ነው። ይህም በቋንቋቸው ቄ ይባላል። (የላቲን ፊደል ይህን ድምፅ ለመጻፍ በአናቱ ላይ ምልክት መጨመር ሲያስፈልገው፥ በእኛ ፊደል ቀ ብቻውን ይበቃል፤ የናቫሆ ቋንቋ እንደ ጠ፥ እንደ ጨና እንደ ጸ ያሉ ድምፆችም አሉት።) ናቫሆ ራሱን ሲያስተዋውቅ የእናቱን ጐሣ፥ ቀጥሎም የአባቱን፥ ከዚያም የሁለቱን አያቶቹን ጐሣ ይናገራል። ዘሩ የሚቈጠረው በእናቱ በኩል ነውና ከሥራውና ከማዕርጉ በፊት የሚታወቀው በዚህ ነው። «እኔ ልረዳችሁ የመጣሁ ሐኪም ነኝ» ብሎ የሚጀምር እንግዳ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልሰጠም። በቀደመው ልማድ አማችና አማት ፊት ለፊት መተያየት የለባቸውም፤ ይህን የማያውቅ አገልጋይ በደግነት ሁለቱን በአንድ መኪና ቢያሳፍር ከባድ ነውር ይሆናል። አንዳንድ ተረቶችም በክረምት፥ እባብና ድብ በተኙበት ወራት ብቻ ይነገራሉ፤ በበጋ የሚጠይቅ ተመራማሪ ዝምታን ይሸከማል።

ሕዝቡ እንግዳን የሚጠራጠርበት በቂ ምክንያት ነበረው። በ1864 የአሜሪካ ጦር ሰብሎቻቸውን ካቃጠለ በኋላ በሺህ የሚቈጠሩ ናቫሆዎችን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር እየነዳ ቦስክ ሬዶንዶ ወደሚባል ስፍራ አጋዛቸው፤ በዚያም ብዙዎች በረኃብና በበሽታ አለቁ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1868 በተፈረመው ውል ነው። ከ1933 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት መሬታቸውን ከመሸርሸር አድናለሁ ሲል በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን አስቀነሰ፤ ከፍየሎቹም ብዙዎቹ እዚያው በየሸለቆው ተገድለው ቀሩ። የምድሩ መጐዳት እውነት ነበር። ነገር ግን በጉ ከሥጋና ከጠጉር ያለፈ ነገር መሆኑን፥ የመንጋውም ባለቤቶች ይልቁን ሴቶች መሆናቸውን የጠየቀ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓመታት አዲስ ዕቅድ ይዞ የመጣ ሁሉ የዚህን ቍጣ ትዝታ ይወርስ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከናቫሆ ምክር ቤት ጋራ ተስማምተው በሜኒ ፋርምስ መንደር ክሊኒክ የከፈቱት፤ ሥራውም እስከ 1962 ቈየ። በ1951 ለምክር ቤቱ የተመረጡት ወይዘሮ አኒ ዋኔካ የሳንባ ነቀርሳን ነገር ለሕዝቡ ከመናገራቸው አስቀድሞ ራሳቸው ለወራት አጠኑት። ሕመሙ የሚመጣው መብረቅ የመታውን ዛፍ ከመንካት ነው የሚል ሀታሊ ቢያጋጥማቸው አላፌዙበትም። ሀታሊና ሐኪም ሕመምተኛን እንዲለዋወጡ አግባቡ፤ ለሕክምና ቃላትም የናቫሆ ፍቺ አዘጋጁ። በ1963 የአሜሪካን የፕሬዚዳንት የነጻነት ሜዳይ የተሸለሙት ስለዚህ አገልግሎታቸው ነው።

ሐኪሞቹን ይበልጥ ያስተማራቸው ግን የዳሌ መጋጠሚያ ጉድለት ነው። በናቫሆ ሕፃናት ዘንድ ይህ ከማሕፀን የሚመጣ ጉድለት የተለመደ ነበረ፤ ሐኪሞቹም በቀዶ ጥገና መገጣጠሚያውን ማጣበቅን አሰቡ። ሕዝቡ ግን አንካሳነቱን እንደ ከባድ በሽታ አይቈጥረውም፤ አንካሳ ያገባል፥ ይወልዳል፥ በፈረስም ይቀመጣል። ዳሌው የተጣበቀ ሰው ግን ፈረስ መጋለብም ሆነ በሆጋን ውስጥ በመሬት ላይ መቀመጥ ያዳግተዋል። ስለዚህ ፈውስ የተባለው ነገር ጤነኛውን አካለ ስንኩል ሊያደርገው ነበር ማለት ነው። ኋላም ሳይታከሙ ከተከታተሏቸው ሕፃናት መካከል የብዙዎቹ ዳሌ በራሱ ጊዜ መስተካከሉ ተረጋገጠ።

ከ1965 በኋላ የቪስታ ወጣት ፈቃደኞች ወደ መንደሮቹ ሲገቡ እነርሱን የጠበቃቸው ከዚህ የተለየ ትምህርት አልነበረም። በጣት ማመልከት ነውር መሆኑን፥ በከንፈር መጠቆም እንደሚገባ፥ በሽማግሌ ዐይን ላይ ትኵር ብሎ ማየትም ድፍረት መሆኑን መማር ነበረባቸው።

የሜኒ ፋርምስ ሐኪሞች በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ ክሊኒኩ በሳንባ ነቀርሳ መተላለፍ ላይ ቢሳካለትም፥ የሕፃናቱን የሳንባ ምችና ተቅማጥ እንደታሰበው አለመቀነሱን በግልጥ አስታወቁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ውኃው ሩቅ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ናቫሆዎችን ክፉኛ ሲመታም ብዙ ቤቶች ገና ቧንቧ አልገባላቸውም ነበርና፥ ፈቃደኞቹ ለየቤቱ ያደረሱት ምግብና በርሜል ውኃ ነበር።