የመምታታት ሥጋት

ስለ ንግድ ምልክት ሙግት በሚጻፉ ዜናዎች ውስጥ «የመደናገር ዕድል» የሚል ሐረግ እየተዘወተረ ሲሄድ አይቶ ዝም ማለት ለቋንቋው አለመቆርቆር ይሆናል። ዕድል «ዐደለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጓሜው ድርሻ፥ ፈንታ፥ ለሰው የተመደበለት ማለት ነው፤ «ክፉ ዕድል» ብንል እንኳ የደረሰውን ዕጣ መናገራችን ነው እንጂ ገና ለገና የሚያስፈራውን ነገር አይደለም። ለሚያስፈራው «ሥጋት» የሚል ቃል ሳለን መደናገርን እንደ በረከት የሚታደል ማስመሰል ምን ይባላል?

«የንግድ ምልክት» የሚለው ስያሜ በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 501 የጸና ስለሆነ ሌላ አያሻውም። የሚያከራክረው ሁለት ዓርማዎች ተቀራርበው ገዢው የአንዱን ዕቃ የሌላው ነው ብሎ እንዲወስድ የሚያደርጉበት ሁኔታ ነው።

አንዳንዶች «መመሳሰል» ይበቃል ይላሉ። ይሁን እንጂ ከ«መሰለ» ምስልም፥ ምሳሌም፥ ሰው የተፈጠረበት አምሳልም ስለተገኙ መምሰል በራሱ በደል አይደለም፤ ሕጉም መመሳሰልን ሁሉ አይከለክልም። ከግዕዙ «ስሕተ» የመጣው «መሳሳት» ደግሞ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ ይጭናል፤ «መደናገር»ም ቢሆን የሰውየውን ሁኔታ እንጂ የምልክቶቹን አይገልጽም፤ ዳኞች ግን የሚመዝኑት ምልክቶቹን ነው፥ በእርግጥ የተሳሳተ ገዢ እንዲቀርብላቸውም ግድ አይሉም።

እኔ የምመርጠው «መምታታት»ን ነው። ብቻውን የሚምታታ ነገር የለምና ግሡ በባሕርዩ ሁለት ነገሮችን ይሻል፤ «ተሳሳትሁ» የሚል ሰው ራሱን ሲከስ «ተምታታብኝ» የሚል ግን ነገሮቹን ይከሳል። ያልሆነውን መስሎ መታየትን የሚያመለክተው የግዕዙ «ምትሐት»ም በድምፅ ስለሚጎራበተው ቃሉ ለጆሮ የተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ሮብ ጃኖፍ የአፕልን ዓርማ ሲሥል ፖሙ ቼሪ እንዳይመስል ብሎ ጎኑን ገመጠው፤ የሠጋውም በተመልካቹ አእምሮ ሳይሆን በሁለቱ ፍሬዎች ቅርጽ መምታታት ነበር። ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ፕሪፒር የተባለ የምግብ አዘገጃጀት መተግበሪያ በአሜሪካ ሊያስመዘግበው የነበረውን የፒር ፍሬ ዓርማ ተቃወመ፤ ፒርና ፖም ማንም የሚለያቸው ፍሬዎች ሆነው ሳሉ ክርክሩ ወደ ቅጠሉ ዞረና በ2021 የቅጠሉ ቅርጽ ተለውጦ ነገሩ በስምምነት አለቀ። ይህን «የመደናገር ዕድል» ብሎ የሚተርክ ጸሐፊ ማን እንደተደናገረ ቢጠየቅ የሚጠራው ሰው አያገኝም፤ «የመምታታት ሥጋት» ያለ ግን ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያል።

ቃሉ ለሥራም ይመቻል፤ ሠዓሊው «ከማን ጋር ይምታታል?» ብሎ ይጠይቃል፥ ተቃዋሚው «ከእኔ ጋር ይምታታል» ይላል፥ ዳኛውም «አይምታቱም» ብሎ ይፈርዳል።