ከባርነት ወጥተው መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ዜና

በ1887 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ወላይታ ዘመቱ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተያዙ፤ ብዙ ሕዝብም ተማረከ፤ ምርኮኛው ከከብቱ ጋር ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። ቫንደርሄይም የሚባል ፈረንሳዊ አብሮ ዘምቶ ነበርና ያየውን ጽፎ በፓሪስ አሳተመ። እርሱ ግን እንግዳ እንጂ ምርኮኛ አልነበረም።

እነሆ በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም በባርነት ያለፉ ነበሩ።

አንዱ በኢሉባቦር የተወለዱት ኦነሲሞስ ነሲብ ናቸው፤ የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። አባታቸው ሞተውባቸው ገና ልጅ ሳሉ ፈንጋዮች ከእናታቸው ጉያ ነጠቋቸው። ስምንት ጊዜ ከጌታ ወደ ጌታ ተላለፉ። እ.ኤ.አ. በ1870 ሙንዚንገር የሚባል ሰው በምጽዋ ነፃ አወጣቸው። ስዊድን ሄደው ተማሩ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተሙ።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናቸው። በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ከኖሩ በኋላ ለዓረብ አገር ገበያ በመርከብ ተጫኑ። እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች ባሕር ላይ ደርሰው አስጣሏቸው። እርሳቸውም የአገራቸውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን 500 ያህል በጽሑፍ አኖሩ። ፈንጋይ ሰውነታቸውን ሸጠ፤ እናታቸው ያወረሰቻቸውን ቋንቋ ግን ሊሸጥ አልቻለም። ከዚህ ዜና ሁሉ እጅግ የማደንቀው ይህን ነው።

የባርነት ነገር በልብ ወለድም ተተረከ፤ በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም አሳተሙ። በዚያ ታሪክ አንድ የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል፤ ደግ ነጋዴም ገዝቶ ነፃ ያወጣዋል። የጦር አለቃው ልጅ ዋህድ የነጋዴውን ውለታ ሊመልስ ቢነሣ እርሱም በፈንጋዮች እጅ ይወድቃል።

በአሜሪካ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ የሕይወት ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1845፣ ሐሪየት ቢቸር ስቶውም «የአጎቴ ቶም ጎጆ»ን እ.ኤ.አ. በ1852 አሳተሙ፤ ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ተሻረ። በእኛ አገር አልጋ ወራሽ ተፈሪ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ስለ ባርነት አዋጅ አወጡ፤ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ኦነሲሞስ በሰኔ 1923 ዓ.ም. አርፈው ነበርና ያን ቀን አላዩም፤ አስቴር ግን አዩ።

በዚህ በሐይቅ ዳር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ስለ ዳግላስና ስለ ስቶው ስትናገሩ የኦነሲሞስንና የአስቴርን ስም አትዝለሉ።