ኮንዶምና ስደተኛው ዩሊዩስ ፍሮም፤ አጭር የታሪክ ቅኝት

ስለ ኮንዶም መጻፍ በእኛ የሥነ ጽሑፍ ልማድ እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል። ይሁን እንጂ ቂጥኝና ጨብጥ፣ ኋላም ኤድስ በሰው ልጅ ላይ ያደረሱትን የሚመረምር የታሪክ ተማሪ ይህን ትንሽ ዕቃ ሊዘለው አይቻለውም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣሊያናዊው ሐኪም ገብርኤሌ ፋሎፒዮ ከሞተ በኋላ በ1564 የታተመው መጽሐፉ ቂጥኝን ለመከላከል በመድኃኒት የተነከረ የበፍታ ሽፋን ያዛል። በ1,100 ወንዶች ላይ ተሞክሮ አንድም አልታመመም ማለቱን ግን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ከዚያ ወዲያ የበግ አንጀት ሲያገለግል ቆየ፤ ዋጋው የድሃ አልነበረም። ቻርልስ ጉድይር ጎማን በድኝ የማጠንከሩን ዘዴ በ1844 ካስመዘገበ በኋላ የጎማ ኮንዶም ቢመጣም ወፍራምና ባለ ስፌት ነበር።

ስፌት አልባውን ቀጭን ኮንዶም በብዛት አምርቶ ካስፋፉት ዋነኛው ዩሊዩስ ፍሮም ነው። በ1883 ኮኒን በተባለች የፖላንድ ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወልዶ በልጅነቱ በርሊን ገባ፤ ሲጋራ እየጠቀለለ ኑሮውን ገፋ፤ ኬሚስትሪ በማታ ትምህርት ተማረ። የብርጭቆ ቅርጾችን በቀለጠ ጎማ ውስጥ እየነከረ የሠራውን ኮንዶም ከ1916 ጀምሮ በራሱ ስም ሸጠ። ገዢው እንዳያፍር በፓኬቱ ውስጥ ለባለ ሱቁ የሚሰጥ ጽሑፍ ይጨመር ነበር።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ይህ ሁሉ ፈረሰ። በ1938 ፋብሪካውን ለሄርማን ጎሪንግ የክርስትና እናት ከዋጋው እጅግ ባነሰ ገንዘብ እንዲሸጥ ተገደደ፤ ወደ ለንደንም ተሰደደ። ጀርመን እጅ በሰጠች በቀናት ውስጥ፣ በግንቦት 1945፣ እዚያው አረፈ። ምሥራቅ ጀርመንም ፋብሪካውን ለወራሾቹ አልመለሰችም፤ ያለ ካሣ ወረሰችው። ቤቱ በ1975ቱ አዋጅ የተወረሰበት አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

የዕቃው አሠራር ግን ቀላል ነው። ላቴክሱ የዘር ፈሳሽንና ኤችአይቪን አያሳልፍም፤ መከታ ነውና ከመጀመሪያው ንክኪ በፊት መደረግ፣ ጫፉም አየር እንዳይዝ መጨበጥ አለበት። ከግንኙነት በኋላ ብልት ሳይላላ ከሥሩ ይዞ ማውጣት ያስፈልጋል። ቫዝሊንና ዘይት ላቴክስን ያበላሻሉ፤ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትም ይቀደዳል። ሁልጊዜና በትክክል ከተጠቀሙበት በዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች የሚያረግዙት 2 ገደማ ሲሆኑ፣ እንደ ሰው ልማድ ከሆነ ግን ወደ 13 ይደርሳሉ። ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከአጠቃቀሙ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ታወቁ። በ1990 ሥራ የጀመረው ዲኬቲ ኢትዮጵያ በርካሽ ዋጋ በየሱቁና በየቡና ቤቱ ያዳረሰው ኮንዶም «ሕይወት» የሚል ስም ተሰጠው። የአዲስ አበባው ገዢም እንደ በርሊኑ ሁሉ ያን አሳፋሪ ቃል ከአፉ ማውጣት አላስፈለገውም፤ ስሙን መጥራት ብቻ በቂ ነበር።