ያረጀች ድመት በሰው ቤት

ሰው ድመትን ስለ ምን ወደ ቤቱ እንዳስገባ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያሻም፤ እህል በጎተራ መከማቸት በጀመረበት ዘመን አይጥ በዛ፣ አይጥ በበዛበትም የዱር ድመት ማንም ሳይጠራት ተጠግታ መጣች፣ ሰውም ጥቅሟን አይቶ አላባረራትም። ለማወቅ የሚያስቸግረው፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም እምብዛም ያልደከሙበት ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ይህች ስለ አዳኝነቷ የተወደደች ፍጥረት ዕድሜዋ ገፍቶ፣ ጥርሷ ረግፎ፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ ከምድጃው ዳር ተነሥታ እስከ ጎተራው ለመድረስ ጉልበት ባጣች ጊዜ ሰው ምን ሲያደርግላት እንደ ኖረ ነው። በመቃብሯ ላይ የቆመው ድንጋይ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላም ተቈፍሮ ይገኛል፤ በመጨረሻ ወራቷ የቀረበላት ወተት ግን ምልክት አይተውም። እኔ ግን የአንድን ዘመን ርኅራኄ ለመመዘን ከመቃብሩ ይልቅ ወተቱ የታመነ ምስክር ነው ብዬ ስለማምን፣ ይህን የጠፋ ዱካ በመጻሕፍት ውስጥ ለመከተል ተነሣሁ። ዘመናቱን የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከጥንቶቹ ምስክሮች አንዱ በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በተባለ ስፍራ ያለ መቃብር ነው። የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2004 እንደ ገለጡት፣ የዛሬ 9500 ዓመት ግድም አንድ ሰው ከጌጡና ከመሣሪያው ጋር በተቀበረበት አጠገብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ለብቻዋ በተማሰላት ጉድጓድ ድመት ተጋድማለች። የዱር ድመት በደሴቲቱ በተፈጥሮ ስላልነበረች ዘሯ በጀልባ ተጭኖ እንደ መጣ ግልጥ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜዋ 8 ወር ያህል ብቻ ነበርና በእርጅና ደክማ የሞተች አይደለችም፤ ምናልባት ጌታዋን እንድትከተል ታስባ የተገደለች ትሆናለች።

ወደ ግብፅ ስንሻገር ነገሩ ይሰፋል። የንጉሥ አሜንሆቴፕ 3ኛ የበኵር ልጅና በሜምፊስ የፕታህ ሊቀ ካህናት የነበረው ቱትሞስ፣ በ14ኛው ምዕት ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ ለሚወዳት ድመት ከበሃ ድንጋይ የተጠረበ ሣጥነ ሬሳ አሠራላት። ሣጥኑ በካይሮ ሙዚየም ገብቷል፤ በጎኑም ላይ ድመቲቱ በአንገቷ መቀነት ታስሮላት፣ መሥዋዕት በተደረደረበት ገበታ ፊት ተቀምጣ ትታያለች፤ የሞተ ሰው በሙታን አምላክ በኦሲሪስ ስም ይጠራ እንደ ነበረ እርሷም በዚያው ስም ተጠርታለች። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ካህን፣ ለአንዲት ድመት የሰውን ሥርዓተ ግንዘት ሲፈጽም፣ ከዚህ በስተጀርባ በአንድ ቤት ውስጥ አብሮ ያለፈ ረጅም ዘመን እንዳለ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ተራው ሰው ቤት የሚነግረን ሄሮዶቱስ ነው። ይህ የግሪክ ሰው በ5ኛው ምዕት ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንደ ጻፈው፣ በአንድ ቤት ድመት በገዛ ሞቷ የሞተች እንደ ሆነ በቤቱ የሚኖሩ ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጫሉ፤ ሬሳዋም ስሟ በትንቢተ ሕዝቅኤል 30ኛ ምዕራፍ ወደ ተጠቀሰው ከተማ፣ ወደ ቡባስቲስ ተወስዶ በመድኃኒት ተቀብቶ ይቀበራል። ሐዘንተኛ ራሱን መላጨቱ በአገራችንም የቆየ ልማድ ስለ ሆነ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሐዘኑ የታዘዘውም በገዛ ሞቷ ላረፈች እንጂ ሰው ለገደላት ስላልነበረ፣ ሥርዓቱ በቤት ውስጥ ታማና አርጅታ ለምታልፈው ድመት የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል። ከእርሱ በኋላ ግብፅን ያየው ዲዮዶሮስ ዘሲሲልያ ደግሞ እኔ የምፈልገውን ራሱን ወተቱን ጽፎልናል፤ ለድመቶቹ እንጀራ በወተት እየፈተፈቱ፣ የዓባይንም ዓሣ ጥሬውን እየቈረጡ፣ በምላሳቸው ድምፅ እየጠሩ ያበሏቸው ነበር ይላል። ይኸው ጸሐፊ፣ ሳያውቅ ድመት የገደለን አንድ ሮማዊ የከተማው ሕዝብ ቤቱ ድረስ ሄዶ እንደ ገደለው፣ ንጉሡ የላካቸው ሹማምንትም ሆኑ የሮም ኃይል ሊያስጥሉት እንዳልቻሉ በዓይኑ ማየቱን ይመሰክራል።

ነገር ግን ታሪክ የሚወዱትን ብቻ እየመረጡ የሚያነቡት አይደለም። በብሪታንያ ሙዚየምና በሌላም ስፍራ የሚገኙት የድመት ሙሚያዎች በራጅ ሲታዩ፣ ብዙዎቹ ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው አንገታቸው ተሰብሮ የሞቱ ሆነው ተገኙ። በኋለኛው የግብፅ ዘመን ካህናቱ ለባስቴት ጣዖት ስእለት የሚያስገባው ምእመን የሚገዛውን ሙሚያ ለማዘጋጀት ድመቶችን እያራቡ ይገድሉ ነበርና፣ ያው ሕዝብ በቤቱ ላረጀችው ቅንድቡን ሲላጭ በመቅደሱ ደግሞ ግልገሎቹን ገድሎ ይገንዝ ነበር። የእነዚህም ፍጻሜ አሳዛኝ ነው፤ በ1890 ወደ 19 ቶን የሚመዝንና 180000 ሙሚያ ይሆናል ተብሎ የሚገመት ጭነት ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ሊቨርፑል ወደብ ተወስዶ በጨረታ ከተሸጠ በኋላ ተፈጭቶ የእርሻ ማዳበሪያ ሆነ። የመቃብር ብዛት የፍቅርን ብዛት እንደማያስረዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ስለ ድመት የተወልን ነገር በአብዛኛው ዋጋና ደመወዝ ነው። መነሻው ከ10ኛው ምዕት ዓመት የሚቈጠረውና በዌልስ ንጉሥ በሃወል ስም የሚጠራው ሕግ፣ ዓይኗን ያልገለጠች ግልገል 1 ፔኒ፣ አይጥ እስክትገድል ድረስ 2 ፔኒ፣ ከገደለች በኋላ 4 ፔኒ ታወጣለች ብሎ ይደነግጋል፤ የምትሸጥ ድመትም ዓይኗ የሚያይ፣ ጆሮዋ የሚሰማ፣ ጥፍሯ ያልተጓደለ መሆን ነበረባት፤ ጉድለት ከተገኘባት ከዋጋዋ ተቀንሶ ለገዥው ይመለስለታል። ይህን ሕግ ሳነብ ልቤን የሚነካኝ፣ እርጅና ወደ ድመት የሚያመጣቸው ነገሮች ሁሉ አንድ በአንድ እንደ ነውር ተቈጥረው መገኘታቸው ነው። በእንግሊዝ በኤክሰተር ካቴድራል መዝገብም ከ1305 እስከ 1467 ባለው ዘመን ለድመት ቀለብ ለሦስት ወር 13 ፔኒ፣ ማለት በሳምንት 1 ፔኒ፣ ይከፈል እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል፤ በአንዱ በር ላይ ድመት እንድትገባበት የተበሳው ቀዳዳ ዛሬም ይታያል። በ13ኛው ምዕት ዓመት ለእንግሊዝ ባሕታውያት የተጻፈው ሥርዓት ደግሞ ባሕታዊቱ ከድመት በቀር ሌላ እንስሳ እንዳትይዝ ያዛል። አይጥ የብራና መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያበላሽ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ግልጥ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ግን አርጅታ ማደን ያቃታት ድመት ቀለቧ እንዲቀጥል የሚያዝ አንድም ቃል አላገኘሁም።

እኔ ያነበብሁት፣ ስለ አንዲት የታወቀች አሮጌ ድመት ቀለብ በግልጥ የሚናገር ምስክርነት የመጣው በ18ኛው ምዕት ዓመት ከለንደን ነው፤ ባለታሪኩም ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ያሳተመ፣ በ1759 ደግሞ የአቢሲንያን ልዑል የራሴላስን ታሪክ የደረሰ፣ ይህም መጽሐፍ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የተመለሰለት ሊቅ ነው። ይህ ሰው ሆጅ የሚባል ድመት ነበረው። ወዳጁ ሄስተር ፒዮትሲ በ1786 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ እንደ መሰከረችው፣ ሆጅ አርጅቶና ታምሞ ኦይስተር ከሚባለው፣ በዛጎል ውስጥ ከሚኖረው የባሕር ፍጥረት በቀር ምንም መብላት በተሳነው ጊዜ፣ ጆንሰን የዕለት ምሳውን ሊገዛለት ሁልጊዜ ራሱ በእግሩ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር።

ራሱ የወጣበት ምክንያት ከነገሩ ሁሉ ይልቅ ሊጤን ይገባዋል። በቤቱ ፍራንሲስ ባርበር የሚባል አገልጋይ ነበረ፤ ይህ ሰው በጃማይካ በባርነት የተወለደ ጥቁር ነው። ጆንሰን ድመት ለማብላት አንድን ሰው መላክ የሰውየውን ክብር ይነካል፣ በባርነት የተወለደ ሰው ደግሞ ለአራት እግር እንስሳ አገልጋይ ተደረግሁ ብሎ ልቡ ያዝንበታል ብሎ ስለ ፈራ፣ ሸክሙን በራሱ ላይ አደረገው። ድመትን የማይወደው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ቦዝዌል ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ሲያስረዳ፣ አገልጋዮቹ በሥራው ተሰላችተው ያንን ምስኪን ፍጥረት እንዳይጠሉት ነው ይላል። ሁለቱ ምክንያቶች አይጣሉም። እንዲያውም በእኔ አስተያየት አሮጌ እንስሳን ስለ ማስታመም ከተጻፈው ሁሉ ይህ እጅግ የጠለቀው ነው፤ ብዙ ሰው ለእንስሳው ያለውን ርኅራኄ በአገልጋዩ ጉልበት ይፈጽመዋልና፤ ጆንሰን ግን የድመቱን ረኃብ ሲያስታግሥ የሰውን ክብር አልነካም፣ የሰውን ክብር ሲጠብቅም ድመቱን አልተወም። ባርበርን አስቀድሞ ትምህርት ቤት አስገብቶት ነበር፤ በ1784 ሲሞትም ዋና ወራሹ አደረገው። ለሆጅ በ1997 ጆንሰን ይኖርበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ሐውልት ቆሞለታል፤ በአጠገቡም ባዶ የኦይስተር ዛጎል ተቀርጿል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሠዓሊውና ባለቅኔው ኤድዋርድ ሊር በኢጣልያ በሳን ሬሞ ፎስ ከሚባለው ድመቱ ጋር አረጀ፤ አዲስ ቤት ሲያሠራም ፎስ እንዳይደናገርበት በአሮጌው ቤት ንድፍ አሠራው ይባላል። ፎስ በ1887 ሞቶ በአትክልቱ ስፍራ ተቀበረ፤ ሊርም በጥር 1888 ተከተለው።

በዚያ ዘመን የድመት ክብር በለንደን ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር። በ1871 ሃሪሰን ዌር የተባለው ሰው በክሪስታል ፓላስ ትልቅ የድመት ትርኢት አዘጋጀ፤ በ1917 ደግሞ ማርያ ዲኪን በድኾች ሰፈር በኋይትቻፕል፣ በአንድ ምድር ቤት ውስጥ፣ ለሐኪም የሚከፍለው የሌለው ሰው የታመመ እንስሳውን ያለ ዋጋ የሚያሳክምበት ቦታ ከፈተች። ከዚህ በኋላ የመጣው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የመረረ ምዕራፍ ነው። በ1939 ጦርነት ሊጀመር ሲል መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ፣ እንስሳውን ወደ ገጠር መላክ ያልቻለ ሰው ቢያስገድለው ርኅራኄ ነው የሚል ምክር በትኖ ስለ ነበረ፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት የለንደን ሕዝብ ውሻውንና ድመቱን እየታቀፈ በሐኪሞች ደጃፍ ተሰለፈ፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ወደ 400000 የሚገመቱ እንስሳት ተገደሉ። አብዛኞቹ ታመው ወይም አርጅተው አልነበረም። የተፈራው የቦምብ ውርጅብኝ በለንደን ላይ የጀመረው ከዓመት በኋላ በመስከረም 1940 ነው፤ የቸኰለውም ስንብት ብዙዎችን ሲጸጽት ኖረ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በሐኪሞች በኩል ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በ1762 በሊዮን ከተማ ሲመሠረት የታሰበው ለፈረስና ለቀንድ ከብት ነበረ፤ ለድመት ሲባል የሚማር ሐኪም አልነበረም። በኒው ዮርክ ሉዊስ ካሙቲ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቦርሳውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ድመቶችን ያክም የነበረው እንደ ብርቅ እየታየ ነው። በ1979 የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት አሮጌ ድመት እየበላች የምትከሳበት ደዌ መሆኑ በሕክምና መጽሔት ተገለጠ፤ በ1987 ደግሞ በምግቧ ውስጥ ታውሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲያንስ ልቧ እየላላ እንደምትሞት ታወቀና የምግብ ፋብሪካዎች ታውሪኑን ጨመሩ። በእርጅና ዘመን እጅግ የሚበዛው የኩላሊት ድካም ነው፤ ድመቲቱ ከውኃ ዕቃዋ አትለይም፣ ትከሳለች፣ ጠጕሯን መላስ ትተዋለች፤ ሐኪሙም ባለቤቱን ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ መስጠትን ያስተምረዋል፤ ኩላሊቱ ወደ ነበረበት ባይመለስም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይገኛሉ።

ድመት ሕመሟን ትሸሽጋለች፤ በዱር ስትኖር አድኖ በል ብትሆንም ከእርሷ የሚበረቱ ጠላቶች ስለ ነበሩባት ድካሟን ማሳየት አደጋ ነበረ። አሮጌ ድመት ልትሞት ስትል ከቤት ትጠፋለች የሚለው በብዙ አገር የሚነገር ነገርም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ቀድሞ ሰው የድመቱን ሞት ሳያይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዛሬ በራቸው በተዘጋ ቤቶች ውስጥ የምትኖረው ድመት የምትሸሽበት ስለሌላት ሕመሟ በባለቤቱ ዓይን ፊት ነው፤ የመሰነባበቻውንም ቀን ብዙ ጊዜ የሚወስነው እርሱ ሆኗል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ትበላለች ወይ፣ ገላዋን ትልሳለች ወይ፣ ሰው ሲጠራት ትመጣለች ወይ፣ ከክፉው ቀን ደጉ ቀን ይበዛል ወይ ይላል። መልሱ ወደ ክፉው ያጋደለ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚያስተኛት መድኃኒት፣ ቀጥሎም በደም ሥሯ ብዙ ማደንዘዣ ይሰጣታል፤ ልቧም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቆማል። ባለቤቱ እስከ መጨረሻው እጁን በላይዋ አድርጎ እንዲቈይ ብዙ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ቤቱ ድረስ መጥተው የሚፈጽሙለትም አሉ።