ሥራ ያድናል፤ ግን የማን ሥራ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት እዚህ ሞያሌ፣ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን የመታቸውን አንዲት እናት ላስተረጉምላቸው ወደ ሕክምና አብሬያቸው ሄድኩ። ባለሙያው ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበቶች ሰጥቶ እንዲደረድሩ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ካርዳቸው ላይ «ፍላጎት የላትም» ተብሎ ተጻፈ።

የታሪክ አስተማሪ ነኝና ያቺ መስመር ከየት እንደመጣች ማሰብ ያዝኩ።

ሕክምናው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። የተጎዳ ሰው በዕለት ተዕለት ሥራ አማካይነት እንዲያገግም ይረዳል። ባለሙያዎቹ በማኅበር የተደራጁት እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ውስጥ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሥራ የፈታ ሰው እንደሚታመም እኛ ስደተኞች ከማንም በላይ እናውቃለን። ጥያቄው ሥራውን የሚመርጠው ማነው የሚለው ነው።

ከዚሁ ከኬንያ እንጀምር። ናይሮቢ ያለው የማታሪ የአእምሮ ሆስፒታል በቅኝ ግዛት ዘመን ሕሙማንን በዘር ለይቶ ያስተኛ ነበር። ከ1938 እስከ 1950 የመራው ሐኪም ካሮዘርስ ይባላል። በ1953 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመለት ጽሑፍ፣ ጤነኛውን አፍሪካዊ የአንጎሉ የፊት ክፍል በቀዶ ሕክምና ከተነካ አውሮፓዊ ጋር አመሳሰለው። በዓመቱ ደግሞ ለቅኝ ገዢው መንግሥት ስለ ማው ማው ጻፈ፤ መሬቱን የተቀማ ሕዝብ ቁጣ በእሱ ብዕር የአእምሮ ችግር ሆነ።

በእስር ካምፖቹም የግዳጅ ሥራ «ማስተካከያ» ተባለ። ማርች 3 ቀን 1959 ሆላ ካምፕ ውስጥ አንሠራም ያሉ እስረኞች ተደበደቡ፤ 11 ሰዎች ሞቱ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ያመካኙት በጠጡት ውሃ ነበር። ይህ ሕክምና አልነበረም። «ሥራ ያስተካክላቸዋል» የሚለው ቃል ምን ሊሸፍን እንደሚችል ግን ያሳያል።

በዚያው ዘመን አልጄሪያ ውስጥ ሌላ ሐኪም ሌላ መንገድ ሄደ። የማርቲኒኩ ተወላጅ ፍራንዝ ፋኖን በ1953 በብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ለአውሮፓውያን ሴቶች የእጅ ሥራ፣ ድግስና ጋዜጣ አዘጋጀ፤ ለውጥ መጣ። ያንኑ ለሙስሊም አልጄሪያውያን ወንዶች ሲያቀርብ ግን አልሠራም። ካሮዘርስ ቢሆን «አንጎላቸው ነው» ባለ ነበር። ፋኖንና ባልደረባው ግን ስህተቱ የራሳቸው መሆኑን በ1954 ጽፈው አመኑ፤ የፈረንሳይን ኑሮ የሰው ሁሉ ኑሮ አድርገው ቆጥረው ነበር። ከዚያ የአገሬው ዓይነት ካፌ ከፈቱ፣ የእስልምና በዓላትን አከበሩ፣ ተረት ነጋሪ ጠሩ።

ወደ እናታችን ልመለስ። ልጃቸው አንድ ቀን ሰፌድ ላይ ቡና አድርጋ ሰጠቻቸው። ሰፌድ በአንድ እጅ አይያዝም። በቀኛቸው እየለቀሙ ግራው ሊደግፍ ታገለ፤ ሲደፋባቸው ራሳቸው ስቀው እንደገና ጀመሩ። እጃቸው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። «ፍላጎት የላትም» የሚለው ግን ሐሰት ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሙያው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ነው። የሚማሩት ልጆች በሽተኛውን አስቀድመው «አገርዎ ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። እናንተም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ሳትጠየቁ ንገሩ፤ ካርዱ ላይ የተጻፈውንም አስነብቡ። ያልገባውን ሰው «ፍላጎት የለውም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ የእኛም ድርሻ ነው።

ሰላም ሁኑ፤ ከሞያሌ።