የጉዳት ምርመራ ጥያቄ፦ ከደብዳቤ ወደ ኮምፒዩተር

አርሲ የገብስና የስንዴ አገር ነው። በጭላሎ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በአሰላና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ገበሬው ለብዙ ዘመን የደከመው በበሬና በማረሻ ነበር። በሥራ ላይ የተጎዳውን የሚጦረው ዘመዱ ስለ ነበረ፣ ጉዳቱ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት መቀመጫውን በአሰላ አደረገ። ትራክተርና ኮምባይነር ተስፋፋ፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የመንግሥት እርሻዎች ተደራጁ፤ በ1970ዎቹም የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተቋቋመ። በደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛና መኪና በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ የጉዳት ካሣ ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

ይህን ጥያቄ በሕግ ለመመለስ ቀደምት ከሆኑት አገሮች አንዷ ጀርመን ስትሆን፣ የሥራ አደጋ መድን ሕጓን ያወጣችው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ለመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955፣ ለሌሎች ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ ቁጥር 42/1985፣ ቁጥር 377/1996 እና ቁጥር 1156/2011 በየተራ ወጡ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የጡረታን መብት ለግል ድርጅት ሠራተኞችም አዳረሰ። የራሱን ማሳ የሚያርሰው ገበሬ ግን ከእነዚህ ሕጎች ጥላ ውጭ ነው።

በእነዚህ ሕጎች መሠረት የአካል ጉዳትን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ውሳኔው በመቶኛ ይገለጣል፤ በጡረታ ሕግ ከመቶ 10 ያነሰና ከዚያ በላይ የሆነ ጉዳት እኩል አይታይም። የጊዜው ነገር ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ተደነገገው፣ የተጎዳው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በተከታዮቹ 3 ወራት ከመቶ 75 ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ከመቶ 50 ያላነሰ ይከፈለዋል። ዓመቱ ሲሞላ ክፍያው ይቆማል። ቦርዱም በተቻለ መጠን በዚያው 12 ወር ውስጥ እንዲወስን ታዝዟል። እንግዲህ በመንገድ የዘገየ ወይም ተሟልቶ ባለ መጻፉ የተመለሰ አንድ ደብዳቤ የሚበላው የጽሕፈት ቤቱን ሳይሆን የተጎዳውን ሰው ጊዜ ነው።

የምርመራ መጠየቂያ ደብዳቤ ከአሠሪው ወይም ከጡረታ መሥሪያ ቤት ወደ ሐኪም የሚሄድ ጥያቄ ነው። «ተመርምሮ ማስረጃ ይሰጠው» ብቻ የሚል ደብዳቤ ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። ጉዳቱ መቼና በምን ሥራ ላይ ደረሰ? የተጎዳው የትኛው የአካል ክፍል ነው? ሰውየው ከዚያ በፊት የነበረበት ሕመም አለ? የሚፈለገው የመቶኛ ውሳኔ ነው ወይስ ወደ ሥራ የመመለስ ፈቃድ? ይህ ካልተጻፈ ሐኪሙ ያላየውን እንዲገምት ይገደዳል፤ አለዚያም ባለ ጉዳዩን እንደ ገና ይመልሰዋል።

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቁጥር 2507 በተባለ ቅጽ ይላክ የነበረውን የምርመራ ጥያቄ ወደ ኮምፒዩተር አዛውሯል። ይሁን እንጂ መልእክቱ መፍጠኑ ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ በ2010 እ.ኤ.አ. ለየሕመሙ ዓይነት የተለየ መጠይቅ መዘጋጀት ጀመረ፤ ሐኪሙም ወሳኙ ሹም የሚፈልገውን ነጥብ በየረድፉ እንዲሞላ ሆነ። ፍሬ ያለው መልስ የተገኘው ከጥያቄው መታረም ነው።

በኢትዮጵያም «ስማርት ኬር» የተባለው የሕሙማን መዝገብ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ በድሬዳዋ ተሞከረ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሪፖርት ሥራውን «ዲኤችአይኤስ 2» በተባለው ፕሮግራም ማካሄድ ጀመረ። የጉዳት ምርመራ ጥያቄን በኮምፒዩተር ለማስተላለፍ የሚነድፍ ባለሙያ ግን በአሰላ የሚጠብቁት ልዩ ችግሮች አሉ።

የመጀመሪያው ስም ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል፤ «ጫልቱ» የሚለው ስም የመጀመሪያው ድምፅ በቁቤ በአንድ፣ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን በሁለት ፊደላት ይወከላል። የአሠሪው ደብዳቤ በአማርኛ፣ የሆስፒታሉ ካርድ በቁቤ ከሆነ፣ ሁለቱን የሚያስታርቅ የካርድ ቁጥር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ቀን ነው። የኢትዮጵያና የአውሮፓ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ። የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ሳይገለጥ የተጻፈ የጉዳት ቀን አንድን ትኩስ ጉዳይ ያለፈበት ሊያስመስለው ይችላል። 12ቱ ወር ከዚያች ቀን ስለሚቈጠር፣ በቅጹ ላይ እንደ ቀኑ በጥንቃቄ ሊሞላ የሚገባው ቦታ የለም።

ጥሩ ፕሮግራም እነዚህን ሳይጠይቅ ደብዳቤውን አይልክም፤ ከጉዳቱ ቀን ስንት ወር እንዳለፈም ለላኪውና ለተቀባዩ ያሳያል። የጉዳቱን መጠን የሚወስኑት ሐኪሞች ናቸው። የኮምፒዩተሩ ድርሻ ደመወዙ በግማሽ የቀረው ሠራተኛ በአንዲት ቃል ጉድለት ከፋብሪካ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ፋብሪካ እንዳይመላለስ ማድረግ ነው።