ፕሮሰሰርን በጽሑፍ መግለጽ፦ የአንድ ትምህርት ታሪክና ለእኛ ያለው ፋይዳ

አገር ቤት ተማሪዎች በነበርንበት ዘመን የኮምፒዩተርን ፕሮሰሰር የምናውቀው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነበር። ሥዕሉን ገልብጠን፣ ክፍሎቹን በቃላችን ይዘን ለፈተና እንቀርባለን፤ የተሳለው ነገር ሲሠራ ሳናይ ትምህርቱ ያልቃል። ዛሬ በሲያትል የማስተምራቸው ወጣቶች ግን ትንሽ ፕሮሰሰር ራሳቸው ጽፈው በኮምፒዩተር ላይ ያሠራሉ። ይህን ያስቻለው የሃርድዌር መግለጫ ቋንቋ የሚባለው ስለ ሆነ፣ አመጣጡን በአጭሩ ማውሳት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ጎርደን ቤልና አለን ኒዌል ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የኮምፒዩተርን የትእዛዝ አፈጻጸም በምልክት የሚገልጽ አይ.ኤስ.ፒ. የተባለ ዘዴ አቀረቡ። በ1983 ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ በሬድመንድ የሚገኘው ዳታ አይ/ኦ ኩባንያ ኤብል የተባለውን ቋንቋ አወጣ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በበኩሉ የሚገዛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አሠራር በማያሻማ ሰነድ እንዲቀመጥ በመሻቱ ያሠራው ቪ.ኤች.ዲ.ኤል. በ1987 ደረጃ ወጣለት። ቬሪሎግ ደግሞ በ1980ዎቹ የአንድ ኩባንያ ንብረት ሆኖ ተወልዶ፣ በ1990 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1995 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

ከዚህ ጎን ለጎን ሊን ኮንዌይ በ1978 በኤም.አይ.ቲ. የሰጠችው ትምህርት ሊዘነጋ አይገባም። ተማሪዎቿ የነደፉት ቺፕ ሌላ ቦታ ተመርቶ ተመለሰላቸው። ነዳፊውና አምራቹ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር እንደማያስፈልጋቸው በዚያ ታየ።

ትምህርቱ ግን ቀላል አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ የለመደው ትእዛዛት በተራ የሚፈጸሙበትን ፕሮግራም ነው፤ በሃርድዌር ግን ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ይሠራል። ሁለት ሬጅስተሮች የያዙትን ቁጥር ይለዋወጡ ስል፣ አንዲት የአገራችን ልጅ «አንደኛው ሲለወጥ የሌላው ቁጥር አይጠፋም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ በማኅሌት ከበሮው ሲመታ ሊቃውንቱ በየተራ ነው ወይስ ባንድነት የሚወዛወዙት?» አልኳት። ሣቀች፤ ገባትም። በሰዓቱ ምት ሁለቱም የቀድሞውን ቁጥር አንብበው እኩል ይለወጣሉ፤ እንደ ፕሮግራሙ ሦስተኛ ማቆያ አያሻቸውም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለእኛ ስለሚበጅ ነው። የቺፕ ፋብሪካ ማቋቋም ከድኻ አገር አቅም በላይ ነው፤ መግለጫው ግን ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዛሬ የቬሪሎግ መሞከሪያ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርክሌይ ሥራው የተጀመረው ሪስክ-ፋይቭም ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት የሚችል የትእዛዝ ሥርዓት ነው። እርግጥ ነው፣ የተጻፈ ፕሮሰሰር ገና ቺፕ አይደለም፤ የሚያመርተውም ሌላ ነው። ሆኖም መንደፍን ያላወቀ፣ ፋብሪካው ቢሰጠውም የሌላውን ንድፍ አምራች ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ በውጭ አገር ያለን መምህራን ልንልክ የምንችለው መሣሪያ ብቻ አይደለም። በተራ ኮምፒዩተር ሊሠሩ የሚችሉ መልመጃዎችን በአማርኛ ከሚያብራራ መማሪያ ጋር ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ አይሆንም። በበኩሌ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከእነዚያ ሁለት ሬጅስተሮች ለመጀመር አስቤያለሁ።